የጋሽ አድማሱ ግራ ዓይን

በ2014 ዓ.ም. በልግ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ቦንጋ አቧራ በለበሰችበት ሚያዝያ፣ ጋሽ አድማሱ ግራ ዓይናቸውን አጡ። ዘንድሮ በክረምቱ መግቢያ ደግሞ እሳቸውን አጣን።

መርዶውን የነገረኝ ልጄ ዮናስ ነው። ከደጅ ገባና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። "እማዬ፣ ጋሼ" አለ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

በቀብራቸው ዕለት ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ዮናስ ነበር። ዓይናቸውን ያጠፋውም እሱ ነው። በሰፈራችን ሁለቱንም የማያውቅ የለም። የምጽፈው ስለ ልጄ አይደለም፤ ስለ እሳቸው ነው። ግን ያለ እሱ መጻፍ አልችልም። ዛሬ ልጄን ነፍሰ ገዳይ ብሎ የሚጠራው ሰው ከሌለ በጋሽ አድማሱ ምክንያት ነው። ስጸልይ ከሙታን ሁሉ አስቀድሜ ስማቸውን የማነሳው ለዚህ ነው።

ጋሽ አድማሱ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው በወጣትነታቸው መጡ፤ የዚህን አገር ሴት አገቡ፤ ቋንቋዋን ካፊኖኖን ለመዱ፤ ቀሩ። እኔን አስተምረዋል፤ ልጄንም አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ናቸው። ራሳቸው ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ ሌላው ሲናገር ግን ቸኩለው ያቋርጣሉ። ያለቦታው የገባ ቃል ሰምተው ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። በተለይ የመውደድ ቃል ከሆነ።

"ሰው በስድብ ይጠነቀቃል" ይሉ ነበር። "ክስ አለበታ። በመውደድ ቃል ግን አይጠነቀቅም። የሚያጋድለው ደግሞ እሱ ነው።"

አንድ ሰርግ ላይ ሚዜው ተነስቶ፣ "ሙሽራው ሙሽሪትን ያመልካታል!" ብሎ ሲናገር፣ ጋሽ አድማሱ ከተቀመጡበት፣ "እንዳያደርገው! ጣዖት ከሆነች ወጡን ማን ሊሠራው ነው?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሽሪት ከሁሉ በላይ ሳቀች። የሚዜው ንግግር ግን እዚያው ቀረ፤ ወጣቱ እስከ ዛሬ ይቀየማቸዋል።

እንዲህ ነበሩ። ሰው ያስቀይማሉ። ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይመለሳሉ። ስለዚህ የሚያሟቸው ነበሩ። እኔም አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ጋሼ፣ ጾም ይጾማሉ?" አልኳቸው። "እሱ የኔና የሆዴ ጉዳይ ነው፤ ሦስተኛ አንፈልግም" አሉኝ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩ። በአንደኛው ጫፍ "የራሱ ደም"፣ በሌላኛው ጫፍ "የሰው ደም" ብለው ጻፉ። ከዚያ ጠመኔውን ይዘው ወደ እኛ ዞሩ።

"አንድን ነገር ከልክ በላይ የሚወድ ሰው ምን ይባላል? ወርውሩ!"

ወረወርን። ታማኝ። ጽኑ። መናኝ። ሰማዕት። ቀናኢ። ጭፍን። ጽንፈኛ።

"ሰማዕትን የት ላድርገው?"

"በራሱ ደም በኩል።"

"ለምን?"

"የሞተው እሱ ነዋ!"

"ጽንፈኛንስ?"

"በሰው ደም በኩል።"

"ለምን? ጽንፍ ዳር ማለት ነው። ዳር የወጣ ሰው ምን አጠፋ? መናኝም ዳር ወጥቷል፤ ጫካ ገብቷል።"

አንድ ልጅ ከኋላ፣ "መናኝ የወጣው ብቻውን ነው ቲቸር" አለ።

ጋሽ አድማሱ ጠመኔውን ወረወሩለት። ሽልማት መሆኑ ነው። "መናኝ ብቻውን ይሄዳል" አሉ። "ጽንፈኛ ሌላውን ከፊት እየገፋ ነው የሚሄደው። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ የሚወድቀው ከፊት ያለው ነው።"

ቀናኢን ግን የሚያኖሩበት አጡ። መሃል ላይ ጻፉት፤ አጠፉት፤ መልሰው እዚያው ጻፉት። "ይሄን ሰው ጠብቁት" አሉ በመጨረሻ። "ማለዳ ለቤተ መቅደስ ውሃ ይቀዳል። በዚያው እጁ ማታ ምን እንደሚያነሳ አይታወቅም።"

እኔ ያን ጊዜ ቀናኢ የሚለውን ቃል ወደድኩት። ስለ ቤተ ክርስቲያን ቀናኢ መሆን ምን ክፋት አለው ብዬ በልቤ ተከራከርኳቸው። አሁንም ቃሉን እወደዋለሁ። ግን እጄን አያለሁ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ በስፌት ነው ልጄን ያሳደግኩት። ጋሽ አድማሱ የሸሚዝ ኮሌታ ሊያስገለብጡ ይመጡና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ አክራሪ የሚል ቃል ተደጋገመ። ከመኪናው ላይ አንድ ክር መዘዙና በሁለት እጃቸው ማክረር ጀመሩ።

"አየሽ ስንዱ፣ ሲከር መጀመሪያ ያምራል። ከላላው ይልቅ የከረረው ቀጥ ይላል፤ ይጠነክራል። ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው።"

ማክረራቸውን ቀጠሉ። ክሩ ተበጠሰና ጣታቸውን ገረፈው።

"ጋሼ፣ ክሬን ጨረሱት እኮ!"

"ለትምህርት ነው የዋለው" አሉና ጣታቸውን ጠቡ።

ዮናስ ልጅ ሳለ ጀምሮ ልቡ ቶሎ ይነድ ነበር። የሚወደውን ነገር ይዞ አይለቅም። አንድ ቀን ጋሽ አድማሱ ጆሮውን ይዘው አመጡልኝ። ሸሚዙ ላይ ደም ነበር፤ የሱ አልነበረም።

"ስንዱ፣ ልጅሽ ደጋፊ ነኝ ይላል።"

"የምን ደጋፊ?"

"ባሕር ማዶ ያለ የኳስ ቡድን። ሊወድቅ ሲል ደግፎ ይዞት ነው መሰለኝ። ለዚህ ሲል የክፍል ጓደኛውን ጥርስ አወለቀው።" ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "ቡድኑ ስምህን ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ጥርሱ የወለቀው ልጅስ?"

ዮናስ አንገቱን ደፋ። "ያውቃል።"

"እንግዲህ ሂድና ጥራው። እዚህ አብራችሁ ምሳ ትበላላችሁ። በቀረው በኩል ያኝክ።"

ልጁ መጣ። በሉ። ሁለቱም አለቀሱ። ጋሽ አድማሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት መምህር ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ በሞቱ ዓመት፣ ለቅሶ ልቀመጥ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነገሩኝ። ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

"እኔም አንድ ጊዜ ሟች ነበርኩ፤ ታውቂያለሽ?"

"ለምኑ ጋሼ?"

"ለድርጅት። ተማሪ ሳለሁ፣ አገሬ። በኅቡዕ የተደራጀን ነን። ታደለ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አንድ አልጋ ላይ ነው የምናድረው። አንዱ አባላችን ተያዘና ታደለ ነው የጠቆመው ተባለ። ለውይይት ብለን ወደ ወንዝ ወሰድነው። ጥይት አይባክንም ተባለ። በድንጋይ ነው።"

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

"እኔ ክንዱን ነው የያዝኩት። አልመታሁም። ክንዱን ብቻ። እስከ መጨረሻው የሚጠራው የኔን ስም ነበር፤ አስጥለው መስሎት። ከወር በኋላ የጠቆመው ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ። ያን ጊዜ ቁርጠኞች ነበር የምንባለው። ያምራል አይደል ቃሉ?"

ውሃ ቀዳሁላቸው። ወደ ካፋ የመጡት ተመድበው ብቻ እንዳልነበር ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ በኋላ በሰው ፊት የሰውን ቃል ሲያቋርጡ አልታዘብኳቸውም።

በዚያ ሚያዝያ ወሬ በዛ። ሩቅ አገር ቤተ እምነት ሲቃጠል የሚያሳይ ምስል በስልክ ይዞር ነበር። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጊዜው ዓቢይ ጾም ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ቤተ ክርስቲያናችንን በተራ እንጠብቃለን አሉ። ዮናስ አስተባባሪያቸው ሆነ። ዕድሜው ሃያ ነበር። ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት ነጭ ጨርቅ እኔ ሰፋሁላቸው። ደስ ብሎኝ ነው የሰፋሁት። ልጄ ለቤተ ክርስቲያን ቆመልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ጋሽ አድማሱ በአጥሩ ላይ አይተውኝ፣ "ቀናኢዎቹን አስታጠቅሻቸው?" አሉኝ።

"ጨርቅ እኮ ነው ጋሼ።"

"መጀመሪያ ጨርቅ ነው" አሉና ገቡ።

ኃይሌ የሚባል የማንኪራ ቀበሌ ሰው አለ። የጫካ ቡና ይለቅማል፤ ቀፎ ይሰቅላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ትልቅ ዝግባ ላይ አንድ ቀፎ አለው። የስእለት ቀፎ ነው። ልጁ ታማ ስትድን ለታቦቱ የሰጠው ነው። ከዚያ ቀፎ ለራሱ አይቀምስም። ማሩ ተሸጦ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ሰሙ ለትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይሆናል። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ይህን ያውቃሉ። ወጣቶቹ ግን አብዛኞቹ የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ጫካ አይገቡም፤ ካፊኖኖም አይሰሙም። ጧፉን በእጃቸው ይዘውታል እንጂ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው አያውቁም።

ማር በጠራራ ፀሐይ አይቆረጥም። ኃይሌ የመጣው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በደረቀ የእንሰት ቅጠል የጠቀለለውን የሚጨስ እሳት በአንድ እጁ፣ ማሩን የሚይዝበትን ቢጫ ጀሪካን በሌላ እጁ ይዟል። የዛፍ መውጫ ገመዱ ትከሻው ላይ ነው። ከማንኪራ በእግሩ ለሚመጣ ሰው በጫካው በኩል ያቋርጣል፤ በዚያ መጣ። እሳት ይዞ ሲሄድ ደግሞ ሰው ቢጠራውም አይመልስም። የሰው ድምፅ ንቡን ያስቆጣል የሚል እምነት አለው።

እንግዲህ ልጆቹ ያዩት ይህን ነው፤ ምሽት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ እሳትና ጀሪካን ይዞ፣ ቁም ሲሉት የማይቆም ሰው።

ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ኃይሌ መሬት ላይ ነበር። በራሱ ገመድ እጁን የፊጥኝ አስረውታል። በዱላ የሚመታው አለ፤ በእርግጫ የሚመታው አለ። የአፉ ደም ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኗል። አንዱ ዘሎ ክንዱ ላይ ቆመ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ኃይሌ በቋንቋው ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። እነሱም በአማርኛ፣ "ማነው የላከህ? ተናገር! ማነው የላከህ?" ይሉታል። ሲለምን እንደ መካድ ቆጠሩት።

"ዮናስ!" ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ወደ እኔ ሲዞር አየሁት፤ ግን አላየኝም። ፊቱ የልጄ ፊት አልነበረም።

ጋሽ አድማሱ በላስቲክ ጫማ፣ ሸሚዛቸው ሳይቆለፍ መጡ። በክርናቸው እየገፉ መሃል ገቡ። ጎንበስ ብለው ኃይሌን በካፊኖኖ አናገሩት። መለሰላቸው። ቀና አሉ።

"ማር ቆራጭ ነው! ቀፎው ያውላችሁ ከራሳችሁ በላይ! ቀና በሉ!"

ማንም ቀና አላለም።

"ጀሪካኑስ?" አለ አንዱ።

"የማር ነው። ሽተተው!"

አንድ ልጅ ጀሪካኑን አንስቶ አሸተተ። "ቤንዚን ቤንዚን አይልም" አለ ቀስ ብሎ።

"ደፍቶት ነዋ፣ አንተ ደደብ!"

"እሳቱስ የምንድነው? እስኪ በራሱ ላይ እንሞክረው!"

አንዱ የሚጨሰውን ጥቅል አንስቶ ወደ ኃይሌ ራስ አስጠጋው። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ጋሽ አድማሱ እሳቱን በባዶ እጃቸው መትተው ጣሉት። መዳፋቸው ሲቃጠል ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ኃይሌን በሁለት እግራቸው መሃል አድርገው ቆሙ። ለኃይሌ የተሰነዘረው እርግጫ እሳቸውን ቅልጥማቸው ላይ አገኛቸው። በዱላም መታቸው አንዱ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። አልወደቁም።

ዮናስ ድንጋይ ይዞ ነበር። ሁለት ጡጫ የሚያክል።

"ዮናስ" አሉት፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩት ረጋ ብለው። "ይሄ ምን ይባላል?"

"ይውጡ ከመሃል ጋሼ! እርስዎን አይመለከትም!"

"መልስልኝና እወጣለሁ።"

"ለቤተ ክርስቲያኔ እሞታለሁ!"

"ሙታ! ማን ከለከለህ? ድንጋዩን ለኔ ስጠኝና ሙት!"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ ልጄን አቃጠለው። እጁ ተነሳ። ድንጋዩን ያነጣጠረው ወደ ኃይሌ ራስ ነው። ጋሽ አድማሱ የሚወርድበትን አዩት። መሸሽ ይችሉ ነበር። በኃይሌ ራስ ላይ ጎንበስ አሉና ፊታቸውን ሰጡት።

ድንጋይ ሥጋ ሲመታ ድምፁ ትንሽ ነው።

ዓይናቸውን በተቃጠለው መዳፋቸው ይዘው፣ በጣቶቻቸው መሃል ደም እየወረደ፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ። "በቃ" አሉ። "ወደየቤታችሁ።"

ሄዱ። እየሮጡ ሄዱ። ዮናስ ከሁሉ በኋላ ሮጠ። እኔ ነጠላዬን ቀድጄ ዓይናቸውን አሰርኩ፤ ከዚያ የኃይሌን እጅ ፈታሁ። አንድ ባጃጅ አስቁመን ሁለቱንም ጫንን። ኃይሌ እያቃሰተ፣ ጋሽ አድማሱ በካፊኖኖ አንድ ነገር እየነገሩት ሄድን። ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው። "ንቦቹ ሁሉንም አይተዋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀየማሉ አልኩት" አሉ። በዚያ ሁኔታ ሰውዬው ፈገግ ብሎ ነበር።

ሐኪም ቤት ዓይናቸው እንደማይተርፍ ነገሯቸው። የኃይሌ ክንድና የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል፤ ይተርፋል ግን አሉ። ፖሊስ መጣ። የጋሽ አድማሱ የቀድሞ ተማሪ ነበር።

"ማነው የወረወረው ጋሼ?"

"አላየሁም።"

"ፊት ለፊትዎ እኮ ነው የተወረወረው።"

"ፍለጋውን በቀረችኝ ዓይን እጀምራለሁ። ትንሽ ታገሰኝ።"

ፖሊሱ ወደ እኔ አየ። መሬት መሬት አየሁ። ጽፎ ወጣ።

ብቻችንን ስንሆን እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። እግራቸውን ሳምኩ። አፌ የያዘው ቃል እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚል ብቻ ነበር፤ ደጋገምኩት።

"ተነሽ ስንዱ። ልጅሽ ዛሬ ሰው አልገደለም። ለዛሬ ይኸው ይበቃል።"

"ለምን እንዲህ አደረጉ ጋሼ?"

"ዛሬ የማንንም ክንድ አልያዝኩም" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "ልጁን ወደ አጎቱ ላኪው። እኔ አላየሁም ብያለሁ። አላየሁም።"

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የኃይሌ ሚስት ተቀምጣ ነበር። ከማንኪራ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭረት ነው። ውሃ ሰጠኋት። አማርኛዋ ጥቂት ነው።

"አንቺ ጨርቅ ያሰርሽ ሴት ነሽ?"

"አዎ።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ።" ውሃውን ጠጣች። "እነዚያ ልጆች ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም፣ አይደል?"

ባዶውን ብርጭቆ ተቀበልኳት።

"የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያውቀዋል" አለች። "ሁልጊዜ ጧፍ የሚያመጣው ኃይሌ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ቢሆን አይመታውም።"

እጄን ያዘች። ያዝኳት።

ጋሽ አድማሱ ከዚያ በኋላ በአንድ ዓይን ኖሩ። ጥቁር መነጽር አላደርግም አሉ። "ሰው ይየው፤ የመማሪያ መሣሪያ ነው" ይሉ ነበር። ኃይሌ ሲድን ሽማግሌ ተቀምጦ ልጆቹ ከሁለቱም ጋር ታረቁ፤ በዕርቁ ቀን ኃይሌ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱ በካፊኖኖ ሲቀላለዱ ሌላው ሰው ምን እንደሚሉ አያውቅም ነበር። በኋለኞቹ ወራት የቀረችው ዓይናቸውም ስትደክም፣ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ዮናስ ነበር። ቃል ሲሳሳት በዱላቸው ጫፍ እግሩን ነካ ያደርጉታል። እሱም መልሶ ያነባል። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ እሰማቸው ነበር። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ይቅር ብለውኛል?" ሲላቸው ሰማሁ። "የቱን?" አሉት። "አንብብ ይልቅ።"

ግን ያን ማታ ልጨርስ።

ከሐኪም ቤት ስመለስ ዮናስ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። እጁን ደጋግሞ ታጥቦ ነበር፤ መታጠቢያው ሙሉ ነው።

"ሞቱ?" አለኝ።

"አልሞቱም። ዓይናቸው ጠፋ።"

"እኔ እሱን ነበር… ሰውዬውን…"

"አውቃለሁ።"

"ማር ቆራጭ ነው እውነት?"

"የጧፍህን ሰም የሚያመጣው ነው።"

አለቀሰ። ትንሽ ልጅ ሳለ እንደሚያለቅሰው ነው ያለቀሰው። አላቀፍኩትም። እጄ ወደ እሱ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።

"ፖሊስ ምን አለ?"

"ጋሼ አላየሁም ብለዋል።"

ቀና አለ። ተስፋ ሲገባበት አየሁ። የልጅን ፊት ተስፋ ሲያበራው ማየት እናትን ምን እንደሚያደርጋት የወለደች ታውቀዋለች።

"እንግዲያ በጠዋቱ መኪና ደካ ያለው አጎቴ ጋ ልሂድ" አለ። "ነገሩ እስኪበርድ።"

"ተኛ" አልኩት።

ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆምኩ። ብዙ አልጸለይኩም። ልጄ ገዳይ አለመሆኑን አመሰገንኩ። ሌላው ነገር የሚጸለይበት አልነበረም፤ የሚደረግ ነበር። ጋሽ አድማሱ ዓይናቸውን ሰጥተውልኝ ነበር። ከዚያ በላይ ውሸታቸውንም ልቀበላቸው አልቻልኩም። ያቺም ሴት እጄን ይዛ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዮናስን ቀሰቀስኩት። ፊቱን አስታጠብኩት። ቆጮና ጎመን አቀረብኩለት።

"ጾም ነው እኮ እማዬ፤ ገና ጠዋት ነው" አለ።

"ብላ" አልኩት። "ከዚህ በኋላ መቼ እንደምትበላ አላውቅም።"

ያኔ ገባው። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሦስት ጉርሻ በላና ሳህኑን ገፋው።

ወጣን። መናኸሪያው አጠገብ ስናልፍ ረዳቱ፣ "ደካ! ደካ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። ዮናስ እግሩን ያዝ አደረገ። እኔ አልቆምኩም። ትንሽ ቆይቶ ኮቴውን ከኋላዬ ሰማሁት።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ቆሟል።

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩት። "የጋሽ አድማሱን ዓይን ያጠፋው ይሄ ነው። ማር ቆራጩንም ከደበደቡት አንዱ ነው። ዮናስ ይባላል። እናቱ ነኝ።"